አዲስ የፊዚክስ ግኝትን ለማንም ሰው እንዴት እናስረዳ? ከጥናቱ ወረቀት እስከ አድማጩ

ፊዚክስ የሚወድ ሰው አዲስ ግኝት ሲሰማ ዝም ማለት አይሆንለትም። ለጓደኛው ያወራል፣ ይጽፋል፣ ቪዲዮ ይሠራል፣ ተማሪ ሰብስቦ ያስረዳል። ይብዛልን። ችግሩ ብዙዎቻችን የምንናገረው መደምደሚያውን ብቻ መሆኑ ነው። «ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተዋሃዱ»፣ «አዲስ ቅንጣት ተገኘ»፣ በቃ። ሰሚው «ይገርማል!» ይላል፤ በማግስቱ ግን እጁ ላይ የቀረ ነገር የለም። ምክንያቱም በውስጡ የምትመላለሰውን ጥያቄ ማንም አልመለሰለትም፦ «እንዴት አወቁ?»

ይህ መመሪያ የቆመው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ተመራማሪ ሁኑ፣ አስተማሪ ሁኑ፣ ወይም ፊዚክስን በትርፍ ጊዜያችሁ የምትከታተሉ፣ «ምን ተገኘ» ከሚለው እኩል «በምን ታወቀ» የሚለውን ካስረዳችሁ ሰሚው የሚቀጥለውን ዜና በራሱ መመዘን ይጀምራል። እኔ ትልቁ ውለታ ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንደኛ፦ አንድ ውጤት ምረጡ

«ኳንተም መካኒክስ» ለአንድ ጽሑፍ አይሆንም። «ጥቁር ጉድጓድ»ም እንደዚያው፤ እነዚህ የዕድሜ ልክ ትምህርቶች ናቸው። የሚሆነው አንድ ሙከራ፣ አንድ ልኬት ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ይህችን ዓረፍተ ነገር ሙሏት፦ «እነ እገሌ በዚህ መሣሪያ ይህን ለኩ፤ ያገኙትም ይህን ያህል ነው።» መሙላት ካቃታችሁ ወይ ርዕሱ ገና ሰፊ ነው፣ ወይ ጥናቱን በደንብ አላነበባችሁትም።

ሁለተኛ፦ ወረቀቱን ራሱን አንብቡ፣ ደረጃውንም ለዩ

ዜና አንብቦ ዜና መጻፍ የቅጂ ቅጂ ነው፤ ስህተቱም አብሮ ይቀዳል። አብዛኛው የፊዚክስ ጥናት ደግሞ አርካይቭ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ያለ ክፍያ ይገኛል፤ ከ1991 ጀምሮ እየሠራ ያለ ማከማቻ ነው። ስለዚህ «ወረቀቱን ማግኘት አልቻልኩም» ብዙም አያስኬድም።

ሒሳቡ አያስፈራችሁ። መጀመሪያ አጭር መግለጫውን አንብቡ። ከዚያ ወደ ሥዕሎቹና ግራፎቹ ሂዱ፣ ከሥራቸው ያለውን ጽሑፍ ጨምሮ፤ በጥሩ የሙከራ ወረቀት ውስጥ ታሪኩ በግራፎቹ ብቻ ይነበባል። ቀጥሎ መደምደሚያውን። በመጨረሻ ሰው ሁሉ የሚዘለውን ክፍል አንብቡ፣ ማለትም ደራሲዎቹ ሊሳሳቱ የሚችሉባቸውን መንገዶች የዘረዘሩበትን። ለሕዝብ የሚነገር ምርጡ ነገር ብዙ ጊዜ የተደበቀው እዚያ ነው።

አሁን ደረጃውን ለዩ። አርካይቭ ላይ ያለ ሁሉ በሌሎች ባለሙያዎች ተገምግሟል ማለት አይደለም። ገና ያልተገመገመ፣ ተገምግሞ የታተመ፣ ሌላ ቡድን በሌላ መሣሪያ ደግሞ ያረጋገጠው፣ እነዚህ ሦስቱ በጣም ይለያያሉ፤ የቱ ጋ እንዳለ ደግሞ በጽሑፋችሁ መጀመሪያ አካባቢ በግልጽ መነገር አለበት።

በሴፕቴምበር 2011 ኦፔራ የተባለው ቡድን አንድ ውጤት አቀረበ። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ድንበር ላይ ካለው የቅንጣት ፊዚክስ ማዕከል ከሰርን የተላኩ ኒውትሪኖዎች፣ ማለትም ድንጋይ ሳያግዳቸው የሚያልፉ ጥቃቅን ቅንጣቶች፣ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ጣሊያን ግራን ሳሶ ሲደርሱ፣ ብርሃን ከሚደርስበት 60 ናኖ ሰከንድ ያህል ቀድመው ተገኙ። ዓለም ተናጋ፤ «አንስታይን ተሳሳተ» የሚል ርዕስ የሌለው ጋዜጣ ጠፋ። ቡድኑ ራሱ ግን ያለው ሌላ ነው፦ ይህን አይተናል፣ ምክንያቱን ልናገኘው አልቻልንም፣ እባካችሁ መርምሩልን። በ2012 ነገሩ ተፈታ። በደንብ ያልተገጠመ የፋይበር ኬብል ሰዓቱን አዛብቶት ነበር። የሰዓቱ መሣሪያም ሌላ እንከን ተገኘበት። እዚያው ግራን ሳሶ ያለ ሌላ ቡድን ሲለካም ኒውትሪኖዎቹ ከብርሃን አልቀደሙም።

በዚያ ሳምንት ለሕዝብ መጻፍ ነበረባችሁ እንበል። ትክክለኛው ርዕስ «ኒውትሪኖ ብርሃንን ቀደመ» አይሆንም ነበር። «ያልተጠበቀ ልኬት አገኘን፣ ስህተቱን ፈልጉልን አሉ» ቢባል ኖሮ እውነትም ነው፣ ደግሞም የበለጠ ልብ ይሰቅላል። በጁላይ 2023 ኤልኬ-99 የተባለው ቁስ በተራ ክፍል ሙቀት ኤሌክትሪክን ያለ ምንም ተቃውሞ ያሳልፋል ተብሎ ያልተገመገሙ ጽሑፎች ሲወጡም እንዲሁ ሆነ። ከማግኔት በላይ በግማሽ ጎኑ የሚንሳፈፍ ቁራጭ ቪዲዮ በየማኅበራዊ ሚዲያው ዞረ፤ በሳምንታት ውስጥ ሌሎች ቤተ ሙከራዎች ሠርተው ሲያዩት ተቃውሞው ጠፍቶ አላገኙትም። ውስጡ ቆሻሻ ሆኖ የቀረ የመዳብና የድኝ ውህድ ነበር የተለመደውን ልኬት ያሳሳተው። ሁለት ሳምንት የታገሠ ጸሐፊ አንድም ነገር አላመለጠውም።

ሦስተኛ፦ ልኬቱን ፈልጋችሁ አውጡ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አጥፉ። ምን ተነካ? ምን ተቆጠረ? የትኛው መርፌ ተንቀሳቀሰ? አንድ ምሳሌ ቀረብ ብለን እንይ፦ የስበት ሞገድ፣ ማለትም ሲያልፍ ርቀትን ቅንጣት ታህል የሚዘረጋና የሚያሳጥር የቦታ ንዝረት።

ብዙ ሰው እንዲህ ይጽፋል፦

«ሳይንቲስቶች የስበት ሞገድን ለመጀመሪያ ጊዜ አገኙ። አንስታይን ከመቶ ዓመት በፊት የተነበየው ሞገድ የመጣው ከሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ውህደት ሲሆን፣ ግኝቱ ስለ አጽናፈ ዓለም ያለንን ግንዛቤ ይለውጣል።»

ስህተት የለበትም። ግን አንባቢው ምን ያድርገው? ከማመን ወይም ካለማመን በቀር አማራጭ አልተሰጠውም። አሁን በልኬቱ እንጀምር፦

«አሜሪካ ውስጥ፣ 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተራርቀው፣ ላይጎ የሚባሉ ሁለት ተመሳሳይ መሣሪያዎች ተተክለዋል፤ አንዱ ሊቪንግስተን፣ አንዱ ሃንፎርድ። እያንዳንዳቸው በቀኝ ማዕዘን የሚገናኙ ሁለት ክንዶች አሏቸው፣ የአንዱ ርዝመት 4 ኪሎ ሜትር። አንድ የሌዘር ብርሃን ለሁለት ተከፍሎ በክንዶቹ ውስጥ ይሄዳል፣ ጫፍ ላይ ያሉት መስታወቶች ይመልሱታል፣ መነሻው ላይ ሁለቱ ይገናኛሉ። ምንም ካልተፈጠረ ሁለቱ ብርሃኖች ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። አንዱ ክንድ ቅንጣት ታህል ከረዘመ ግን የሚጠፋው ብርሃን ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ጭላንጭል ይወጣል። ሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 ያ ጭላንጭል ሊቪንግስተን ላይ ታየ። ከ7 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ሃንፎርድ ላይ ያው ምልክት፣ በያው ቅርጽ፣ ተደገመ። የቆየው 0.2 ሰከንድ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ንዝረቱ እየፈጠነ፣ እየጠነከረ ሄዶ ድንገት ቀጥ አለ። ሁለት ከባድ ነገሮች እየተሽከረከሩ ተቀራርበው ሲዋሃዱ የሚጠበቀው ቅርጽ ይሄው ነው።»

ልዩነቱ ይታያችኋል? በሁለተኛው ውስጥ «ጥቁር ጉድጓድ» የሚል ቃል እንኳን ገና አልገባም፤ አንባቢው ግን ሁለት የተራራቁ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ነገር ማየታቸው ምን ማለት እንደሆነ ራሱ ገብቶታል። አንዱ ጋ መኪና ቢያልፍ ወይም መሬት ቢንቀጠቀጥ ሌላው ጋ በ7 ሚሊ ሰከንድ አይደርስም። ይህን እናንተ ሳትነግሩት ሊያስበው ይችላል፣ ብትነግሩትም ወዲያው ይቀበላል።

ከዚህ በኋላ ነው መደምደሚያው የሚመጣው። ከንዝረቱ ፍጥነትና አጨማመር ተነስተው ክብደታቸውን አሰሉ፦ አንዱ የፀሐይን 36 እጥፍ ገደማ፣ ሌላው 29። የተወለደው አንድ ጥቁር ጉድጓድ ደግሞ 62። 36 እና 29 ሲደመር 65 ነው እንጂ 62 አይደለም። ሦስቱ ፀሐይ የት ሄዱ? ሞገድ ሆነው ወጡ። እዚህ ቦታ ላይ ሰው ፀጥ ይላል፤ መደመሩን ራሱ ስለሠራው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ግኝቱ ይፋ የሆነው ፌብሩዋሪ 11 ቀን 2016 ነው፣ ምልክቱ ከታየ አምስት ወር አካባቢ በኋላ። በመሃል ምን ሲያደርጉ ነበር? ሲጠራጠሩ። ቡድኑ ሠራተኞቹን ለመፈተን አንዳንዴ ሆን ብሎ የሐሰት ምልክት የማስገባት ልማድ ስለነበረው፣ መጀመሪያ ያጣሩት «ማንም አላስገባም?» የሚለውን ነው። ይህን የመሰለ ዝርዝር ከወረቀቱና ከተመራማሪዎቹ ቃለ መጠይቆች ፈልጋችሁ አምጡ። ሳይንስ እምነት የሚያተርፈው ጥርጣሬውን ሲያሳይ ነው፤ የምንጽፍ ሰዎች ግን ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምንቆርጠው ይህንኑ ነው።

አራተኛ፦ ቁጥሩን ከመጻፋችሁ በፊት «የምን ቁጥር ነው?» በሉ

ቁጥር ሳይዋሽ ያሳስታል። ዲሴምበር 5 ቀን 2022 አሜሪካ በሚገኘው ናሽናል ኢግኒሽን ፋሲሊቲ የፊውዥን፣ ማለትም የአቶም እምብርቶችን አዋህዶ ኃይል የማውጣት፣ ሙከራ ተደረገ። 2.05 ሜጋ ጁል የሌዘር ኃይል ገባ፣ 3.15 ሜጋ ጁል ወጣ። «ከገባው በላይ ወጣ!» ተባለ፣ እውነትም ነው። ግን የገባው የተባለው ነዳጁ ያለበትን ዒላማ የመታው የሌዘር ብርሃን ብቻ ነው። ሌዘሮቹን ለመተኮስ ከኤሌክትሪክ መስመር የተወሰደው 300 ሜጋ ጁል ያህል ነበር። ሁለቱን ቁጥሮች ሳትደብቁ ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ግኝቱ አያንስም፤ ለአሥርተ ዓመታት የተሞከረ ነገር በቤተ ሙከራ ሲሳካ የመጀመሪያው ነው። አንባቢው ግን ነገ ቤቱ በፊውዥን መብራት ይበራል ብሎ አይጠብቅም፣ ሳይበራ ሲቀርም ዋሹን አይልም።

ሌላው አስቸጋሪ ቁጥር «አምስት ሲግማ» ነው። ጁላይ 4 ቀን 2012 ሰርን የሂግስ ቅንጣትን (መሠረታዊ ቅንጣቶች ክብደት ከሚያገኙበት መንገድ ጋር የተያያዘውን) ሲያስታውቅ አትላስና ሲኤምኤስ የተባሉት ሁለት ቡድኖች፣ ለየብቻቸው ሠርተው፣ እዚህ ደረጃ አካባቢ ደርሰው ነበር። ብዙ ቦታ «99.9999 በመቶ እርግጠኛ ናቸው» ተብሎ ተጻፈ። አይደለም። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ አዲስ ቅንጣት ጭራሽ ባይኖር ኖሮ፣ ይህን ያህል ከፍ ያለ ጉብታ በአጋጣሚ ብቻ ግራፉ ላይ የመታየት ዕድሉ ከ3.5 ሚሊዮን አንድ ገደማ ነው። ይህ ስለ አጋጣሚ ብቻ ይናገራል። ኬብል ከተላቀቀ ሲግማ አያድናችሁም፤ የኦፔራ ልኬት እኮ ከስድስት ሲግማ በላይ ነበር! ይህን ልዩነት በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻላል፤ ጊዜ ስጡት።

ለግዙፍ ርቀት ደግሞ ዜሮ አትደርድሩ። የላይጎው ሞገድ 1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ተጉዟል። ሲነሳ ምድር ላይ እንስሳ የሚባል ፍጥረት ገና አልነበረም። ይበቃል።

አምስተኛ፦ ምሳሌ ስትጠቀሙ የሚሰበርበትን ቦታ ተናገሩ

የአንስታይንን ስበት ለማስረዳት የተወጠረ ላስቲክና መሃሉ ላይ የተቀመጠ ከባድ ኳስ ያላየ የለም። ትንሿ ኳስ ጎድጓዳውን ተከትላ ትዞራለች። ደስ ይላል፣ ልጅ ሁሉ ይገባዋል። ግን ኳሷን ወደ ጎድጓዳው የሚጎትታት ምንድነው? የምድር ስበት ነዋ! ስበትን በስበት እያስረዳን ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ላስቲኩ የሚያሳየው የቦታን መጉበጥ ብቻ መሆኑ ነው፤ እቃ ከእጃችን ወደ ታች የሚወድቀው ግን በዋናነት ጊዜ ወደ ምድር በተጠጋ ቁጥር ቀስ ስለሚል ነው፣ ላስቲኩ ላይ ጊዜ የሚባል ነገር የለም።

ስለዚህ ልተወው? አይ፣ ተጠቀሙበት። ግን ወዲያው «እስከዚህ ድረስ ይሠራል፣ ከዚህ በኋላ አይሠራም» በሉ። ሰው ይህን ሲሰማ አይደነግጥም፤ እንዲያውም እንደ አዋቂ ስለተቆጠረ ደስ ይለዋል። ቀጥሎ የጊዜውን ጉዳይ በእውነተኛ ነገር ሙሉለት። ስልኩ ውስጥ ያለው ጂፒኤስ የሚሠራው ሳተላይት ላይ ባሉ ሰዓቶች ነው። ስበት እዚያ ስለሚደክም ሰዓቶቹ በቀን 45 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይቀድማሉ፣ ከፍጥነታቸው የተነሳ ደግሞ 7 ያህል ወደ ኋላ ይቀራሉ። ሲቀናነስ 38 ማይክሮ ሰከንድ በቀን። ይህ ባይታረም የቦታ ስህተቱ በአንድ ቀን 10 ኪሎ ሜትር አካባቢ በደረሰ ነበር። እውነተኛ ምሳሌ ካለ ከማንኛውም ንጽጽር እሱን አስቀድሙ።

ስድስተኛ፦ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ጻፉበት

በአርቲስት የተሳለ ከሆነ «የተሳለ» በሉ፣ ሥዕሉ ላይ ራሱ፤ ሰው ሥዕሉን ብቻ ቆርጦ ነው የሚያጋራው።

እውነተኛ ምስል ከሆነም ማብራሪያ ይፈልጋል። ኤፕሪል 10 ቀን 2019 ኢቨንት ሆራይዘን ቴሌስኮፕ ኤም87 በተባለው ጋላክሲ መሃል ያለውን ጥቁር ጉድጓድ ምስል ይፋ አደረገ፤ 55 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ይርቃል። ብርቱካናማው ቀለም በዓይን የታየ አይደለም፤ የተቀዳው 1.3 ሚሊ ሜትር ሞገድ ያለው ሬዲዮ ነው፣ ቀለሙን የመረጡት ሰዎች ናቸው። ቀለበቱ በዙሪያው የሚሽከረከረው የጋለ ጋዝ ብርሃን ነው፣ መሃሉ ደግሞ ጥላ። መረጃውን በኤፕሪል 2017 የሰበሰቡት በተለያየ የዓለም ክፍል ያሉ ስምንት ቴሌስኮፖች ናቸው። ምስሉን ሲሠሩ አራት ቡድን ሆነው፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ፣ ለየብቻ ሠሩት። ሁሉም ቀለበት ይዘው መጡ። «እንዴት አወቁ?» ለሚለው መልሱ ይሄው፤ ሥዕሉን ስታጋሩ ይህችን አብራችሁ አያይዙ።

ሰባተኛ፦ ከተቻለ በዓይናቸው ይዩ

ሰዎች ፊት ለፊት የምታገኙ ከሆነ አንድ ነገር ሠርታችሁ ውሰዱ። የኔ ምርጫ የደመና ሳጥን ነው። ሰው የማይታይ ቅንጣት ዱካ ጥሎ ሲያልፍ በገዛ ዓይኑ ካየ በኋላ የሰርን ወሬ ሩቅ አይመስለውም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መካከለኛ መጠን ያለው ጥርት ያለ የመስታወት ሳጥን ውሰዱ፣ ትንሽ የዓሣ ማሳደጊያ ይሆናል። ውስጡ ወለሉ ላይ ወፍራም ጨርቅ ወይም ስፖንጅ በደንብ አጣብቁ። ጨርቁን አይሶፕሮፒል አልኮል አርሱት፣ 99 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፤ ቀጠን ያለው ውሃ ስለሚበዛበት አይሠራም። ከዚያ ሳጥኑን ገልብጡትና አፉን ጥቁር ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ድፉት፣ ጨርቁ አሁን ከላይ ሆነ ማለት ነው። ጠርዙን አየር እንዳያስገባ በቴፕ ዝጉት። ብረቱ የሚቀመጠው ደረቅ በረዶ ላይ ነው፣ ከዜሮ በታች 78 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል የሚቀዘቅዘው የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ። ክፍሉን አጨልሙና በጎን በኩል፣ ወደ ታች ዝቅ አድርጋችሁ፣ ጠንካራ ባትሪ አብሩ። አሥር ደቂቃ ያህል ታገሡ። መጀመሪያ እንደ ካፊያ ያለ ነገር ሲወርድ ይታያል፣ ቀጥሎ ከብረቱ ትንሽ ከፍ ብሎ ነጫጭ ክሮች ብቅ ብለው ይጠፋሉ።

ወፍራምና አጭር ክር አብዛኛውን ጊዜ አልፋ ቅንጣት ነው። ቀጭን፣ ረጅምና ቀጥ ያለው ሙዮን (ኤሌክትሮንን የሚመስል ግን የከበደ ቅንጣት) ሊሆን ይችላል። የሚጠማዘዘው ኤሌክትሮን። ምንም ካልታየ በመጀመሪያ የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ፈልጉ፣ ቀጥሎ ብረቱ በረዶውን በደንብ መንካቱን እዩ፣ የመብራቱንም አቅጣጫ ቀይሩ። ጥንቃቄው የማይታለፍ ነው፦ ደረቅ በረዶ በወፍራም ጓንት ብቻ ይያዛል፣ ታሽጎ በሚዘጋ ዕቃ ውስጥ በጭራሽ አይቀመጥም፣ ይፈነዳል። ክፍሉ አየር የሚገባው ይሁን። አልኮሉ ተቀጣጣይ ስለሆነ እሳትና ብልጭታ ይራቅ።

ወሬውን እዚያው ሳጥኑ ላይ ጀምሩ። ሙዮን የሚፈጠረው ከምድር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ከህዋ የመጣ ቅንጣት አየርን ሲመታ ነው። ዕድሜው በአማካይ 2.2 ማይክሮ ሰከንድ ብቻ ነው፤ በብርሃን ፍጥነት እንኳን ቢሮጥ በዚያ ጊዜ 660 ሜትር ነው የሚሄደው። ታዲያ እዚህ ምን ይሠራል? ጠይቁና ዝም በሉ። ሰዎቹ ይሞክሩ። ከዚያ ንገሯቸው፤ በፍጥነት ለሚሮጥ ነገር ጊዜው ከኛ አንጻር ይዘገያል፣ ስለዚህ ሳይሞት ይደርሳል። በየሰከንዱ አንድ ያህሉ በመዳፋችን ውስጥ ያልፋል። ከዚያ ወደ ዛሬው ምርምር ተሻገሩ፦ በ2017 ተመራማሪዎች በግብፁ ታላቁ የኩፉ ፒራሚድ ውስጥ የሚያልፉትን ሙዮኖች ቆጥረው፣ ድንጋይ ሳይነኩ፣ ቢያንስ 30 ሜትር ርዝመት ያለው የማይታወቅ ባዶ ቦታ አገኙ። ሳጥኑ ውስጥ ያየው ክር ለዚህ እንደሚውል የሰማ ልጅ ዝም ብሎ ቤቱ አይሄድም፣ ይጠይቃችኋል።

ስምንተኛ፦ ለጥያቄ ተዘጋጁ

ከንግግሩ ይልቅ ለጥያቄው ብዙ ሰዓት መድቡ። የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙም አይለያዩም።

«ለምን ይጠቅማል?» ለሚለው ያልተረጋገጠ ተስፋ አትስጡ። የስበት ሞገድ የስልክ ባትሪ አያሻሽልም። ማወቅ የፈለግነው ምን እንደሆነ ተናገሩ፤ ከዚያ ለሥራው ተብለው የተፈጠሩ መሣሪያዎች ለሌላ መዋላቸውን ጥቀሱ፣ ዓለም አቀፉ ድር ሰርን ውስጥ ተመራማሪዎች መረጃ እንዲለዋወጡበት የተፈጠረ መሆኑን ለምሳሌ።

«አደገኛ አይደለም?» የሚለውን አትናቁት። የሰርኑ 27 ኪሎ ሜትር ማፋጠኛ በ2008 ሊጀምር ሲል ምድርን የሚውጥ ጥቁር ጉድጓድ ይፈጥራል የሚል ፍርሃት ተናፍሶ ነበር። «ይሄ ሞኝነት ነው» ማለት መልስ አይደለም፣ ሰውየውን ያርቀዋል። መልሱ፦ ከህዋ የሚመጡ፣ ከማፋጠኛው የበለጠ ጉልበት ያላቸው ቅንጣቶች ለቢሊዮን ዓመታት ምድርን ሲመቱ ኖረዋል፣ ምድርም አለች።

የራሱን ንድፈ ሐሳብ ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። አክብራችሁ ስሙት፣ ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ፦ «ያንተ ሐሳብ ትክክል ከሆነ የትኛው ልኬት ይለወጣል?» የማታውቁት ከመጣ «አላውቅም፣ አጣርቼ እነግራችኋለሁ» በሉ፤ ከዚያ እውነትም አጣሩ፣ እውነትም ንገሩ።

ዘጠነኛ፦ ከማውጣታችሁ በፊት አስፈትሹ

ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ዘርፉን የሚያውቅ፣ የሐቅ ስህተት እንዲለቅም። የጥናቱ ደራሲዎች ራሳቸው ብዙ ጊዜ ለአጭርና ግልጽ ጥያቄ በኢሜይል ይመልሳሉ፣ «ይህን እንዲህ ገልጬዋለሁ፣ ልክ ነው?» ብላችሁ አንድ አንቀጽ ብቻ ላኩ። ሌላው ፊዚክስ የማያውቅ። እሱን «ገባህ?» አትበሉት፣ ሁሉም አዎ ይላል። «እስቲ ለእህትህ ብትነግራት እንዴት ትላታለህ?» በሉትና አዳምጡ። የሚዘላት ቦታ ያልገባችው ናት፣ አጋኖ የሚናገራት ደግሞ እናንተ ያጋነናችኋት። ልኬቱን ትቶ መደምደሚያውን ብቻ ከነገራችሁ ወደ ሦስተኛው ተመልሳችሁ እንደገና ጻፉ።

አሥረኛ፦ ውጤቱ ሲቀየር ተመለሱበት

ማርች 17 ቀን 2014 ባይሴፕ2 የተባለው ቡድን፣ በደቡብ ዋልታ ባለ ቴሌስኮፕ፣ ከአጽናፈ ዓለም ጅማሬ የመጣ የስበት ሞገድ ምልክት አየሁ አለ። ትልቅ ዜና ነበር። በ2015 መጀመሪያ ላይ ከፕላንክ ሳተላይት ቡድን ጋር መረጃቸውን አንድ ላይ ሲመረምሩት ግን፣ ምልክቱ በራሳችን ጋላክሲ ውስጥ ካለ አቧራ የሚመጣ ሊሆን እንደሚችል፣ የሞገዱም ማስረጃ እንደማይበቃ ታወቀ። የመጀመሪያውን ዜና የሰማው ሰው ብዙ ነው፣ ሁለተኛውን የሰማው ግን ጥቂት።

ስለዚህ የጻፋችሁባቸውን ውጤቶች ዝርዝር ያዙና በየስድስት ወሩ አርካይቭ ላይ የቡድኑን ስም እየፈለጋችሁ እዩ። ለውጥ ካለ ጽሑፉን አታጥፉት። ከላይ፣ ከርዕሱ ሥር፣ በቀን አስቀምጡ፦ «ይህ ጽሑፍ ከወጣ በኋላ የተደረገ የጋራ ትንተና ምልክቱ ከአቧራ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል፤ እንዴት እንደታወቀ ከታች ጨምረናል።» ከታች ደግሞ ያንኑ ሥራ ድገሙ፤ አቧራውን በምን ለዩት፣ የትኛውን ድግግሞሽ ከየትኛው ጋር አነጻጸሩ፣ ምን ያህል ቀረ። ቪዲዮ ከሆነ መግለጫው ላይና የመጀመሪያው አስተያየት ላይ ይሰካ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ ያጋሩላችሁን ሰዎች ካስታወሳችሁም ማስተካከያውን በቀጥታ ላኩላቸው።